መሃሉ የተከመረው ክትር

ጸጉር ሠሪዋ እሁድ እሁድ ደንበኞቿን ትታ ድንጋይ ትሸከማለች። ያውም በነጻ! እብደት ነው የሚል ይበል። ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር የእናቷን ጓሮ በልቶ ጨርሶ ማዕድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ደርሷል። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ቁርጡን ተናግሯል፤ «በዚህ ክረምት አንድ ክንድ መሬት ከተናደ፣ እማዬን እኔ ጋ አምስተኛ ፎቅ አወጣታለሁ።» እናትየው ደግሞ ደረጃ ገና ሲያዩ ራሳቸውን ያዞራቸዋል።

የሰፈሩ በጎ ፈቃደኞች አንድ አናጺ አለቃ አድርገው ቦረቦሩን ጎርፍ በሚገታ የድንጋይ ክትር ዘጉት። እሷ ታዲያ፣ የለመደ እጅ ነውና፣ መሃሉን እንደ ሙሽራ ጸጉር ከምራ ከፍ አደረገችው። ሁሉም አጨበጨበላት። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ግን ውሃው መሃሉን መውጣት ሲያቅተው በጎን ዞረ፤ ዳርና ዳሩን ሸርሽሮ ድንጋዩን ጠራርጎት ሄደ። የጓሮው አፈርም አብሮ ተናደ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች! እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰችው።

«በቃ፣ ተይው» አላት ወንድሟ በስልክ። «ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ።»

«ና፣ ማን ይፈራሃል!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

በማግስቱ ጸጉር ቤቷን ቆልፋ ቦረቦሩ ውስጥ ወረደች። ሰዎቹም ተከተሏት።

«ዛሬስ በምን ስታይል ነው?» አላት አናጺው።

«አንተ አፍህን ዘግተህ ድንጋይ አቀብል!»

በዚህኛው ዙር መሃሉን ዝቅ፣ ዳርና ዳሩን ከፍ አደረጉ። ጫፎቹንም አፈሩ ውስጥ ጠለቅ አድርገው ቀበሯቸው። ውሃው በመሃል መውጫ ካገኘ ምን አባቱ ሊሆን በጎን ይዞራል?

ዓርብ ከሰዓት ሰማዩ ተቀደደ። ጎረቤት ሁሉ ጃንጥላ ይዞ ወጣ። ጎርፉ እያጓራ መጥቶ ክትሩ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ፤ ከዚያ በዝቅታው በኩል እየተንፏፏ ወረደ። ዳሩ ንቅንቅ አላለም። «ያዘ! ኧረ ያዘ!» እያለች ጭቃው ውስጥ ዘለለች። አናጺው ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረ፤ ጎርፉ ይዞበት ሲሄድ እንኳ ጉዳዩም አልነበረም።

ቅዳሜ ወንድሟ የእናቱን ዕቃ ሊጭን አይሱዙ ይዞ ከች አለ። እናትየው በር ላይ ጠብቀው፣ ሰላም ሳይሉት እጁን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱት። ከክትሩ ኋላ ጎርፉ ያመጣው አፈር ተኝቷል፤ ከግድግዳው ሥር አንዲት ቁራሽ መሬት አልጎደለችም። ወንድምየው አንዴ ክትሩን፣ አንዴ ጭቃ የለበሰች እህቱን አየ።

«የእህትህ ሥራ ነው» አሉት እናቱ በደስታ። «ከታች ደግሞ ሁለተኛው ክትር ይሠራል። በል፣ ኮትህን አውልቅና መኪናህ ላይ ድንጋይ ጫን!»