ወደ ላሊበላ የዞረው አንቴና

ዛሬ ቤታችን ዲሽ ተሰቅሏል። ልጆቼ አንዱን ጣቢያ ሳይጨርሱ ወደ ሌላው ይዘላሉ፤ እኔም እቆጣለሁ። የሚያናድደኝ ዲሹ አይደለም። ያቺ ጩኸታም ሬዲዮ ትናፍቀኛለች።

አባቴ መሪጌታ ገብረ ዮሐንስ የገናን ጠዋት ሁልጊዜ የሚያሳልፉት ላሊበላ ነበር። በዚያ ጠዋት ካህናቱ ግማሾቹ ከዓለቱ አፋፍ፣ ግማሾቹ ከታች ከቅጥሩ ውስጥ ቆመው ዜማ ይቀባበላሉ። አባባ ከታች ሆነው ከሚመልሱት ወገን ነበሩ። በዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት ግን እግራቸው ከዳቸው። በበቅሎ እንውሰዳቸው ብንል ኮርቻ ላይ መቀመጡም አቃታቸው። ከጾሙ በላይ ጾሙ፤ ሰውም ማናገር ተዉ። ቀና ያሉት በዓሉ በሬዲዮ እንደሚተላለፍ ሲሰሙ ነው።

“ዘንድሮ እሱንም ካልሰማሁ ምን ገና አለኝ?” አሉ።

የሬዲዮአችን አንቴና ከተሰበረ ቆይቶ ነበር። የባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ብናሞቀውም ከዜናው ይልቅ የሚሰማው ጩኸቱ ነበር። ወንድሜ ዘመኑ ጋሸና ወርዶ ከመኪና ጠጋኞች ረጅም የመዳብ ሽቦ ይዞ መጣ። ከቤታችን በስተደቡብ፣ በደላንታ በኩል ካለው ኮረብታ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ጫፍ ሊያስረው ሲል አባባ ከአልጋቸው ሆነው ጠሩት።

“ዜማው ያለው ላሊበላ፤ አንተን ወደ ደላንታ ምን ወሰደህ?”

ዘመኑ ድምፁ መጀመሪያ አዲስ አበባ ደርሶ ከዚያ ወደ እኛ እንደሚመለስ ሊያስረዳ ሞከረ። አባባ፣ እዚሁ ጎረቤት የሚዜም ዜማ አዲስ አበባ ድረስ ምን ሊሠራ ይሄዳል ብለው አልተቀበሉትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ መሪጌታንም ቢጨምሩበት ጥሩ ነበር። ሽቦው በላሊበላ በኩል፣ ገደሉ ሥር ካለችው ወይራ ላይ ታሰረ።

የገና ጠዋት ሬዲዮዋን ራስጌያቸው አስቀመጥናት። አባባ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ጠበቁ። ሬዲዮዋ እንደሚቆላ ገብስ ትንጣጣለች እንጂ አንድ ቃል አይወጣትም። ሰዓቱ ሲገፋ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

“ይሁን ልጄ” አሉ በመጨረሻ። “በደላንታም ቢሆን አዙረው።”

ዘመኑ ወደ ወይራዋ ሮጠ። ቋጠሮው አልፈታ ቢለው ሽቦውን ቆርጦ ኮረብታውን ወጣ። ባሕር ዛፉ ላይ ሲያስረው ሬዲዮዋ አንዴ ጮኸችና ድምፅዋ ጠራ። ከአፋፉ የቆሙት ካህናት ድምፅ ቤቱን ሞላው።

አባባ እኛን አላዩንም። ላይኞቹ ጨርሰው የታችኞቹ ተራ ሲደርስ በመቋሚያቸው ተደግፈው ከአልጋው ቀና አሉ። ፊታቸውን ከሬዲዮዋ መልሰው ወደ ላሊበላ አዞሩና በዚያ በደከመ ድምፃቸው ከጓደኞቻቸው ጋር መለሱ። እስከ መጨረሻው አንዲት ተራ አላለፈቻቸውም። እኔ በሩን ተደግፌ አለቀስኩ።

ዘመኑ እያለከለከ ሲገባ ቀና ብለው አዩት።

“ሰምተውኝ ይሆን?” አሉት።

ሬዲዮ ተቀባይ እንጂ ላኪ እንዳልሆነ ከእኛ ሁሉ ይበልጥ የሚያውቀው እሱ ነበር።

“ሰምተውዎታል አባባ” አለ። “ወይራዋ ላይ ሽቦ ትቻለሁ።”

አባባ ለሌላ ገና አልደረሱም። ያቺ ቁራጭ ሽቦ ግን እስከ ዛሬ ወይራዋ ላይ አለች፤ ማንም እንዲፈታት አልፈቅድም።