ያቃጠልኳት ወፍ

የባህል ቢሮው ኃላፊ ነገ ይመጣል። የጥንቱን የወፍ ጥለት ካላሳየነው የሽመና ቤታችንን ለሌሎች ይሰጣል፤ ልጄ ደግሞ ከሽመና ሌላ ሙያ የላትም። ይህን የሚለውን ደብዳቤ አራት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴም አልተሻለም።

ወፏ ከገዢዎቹ ሁሉ በፊት ነበረች። አንዱ መጣና "የኋላ ቀሮች ምልክት ናት" ብሎ ከለከላት፤ በምትኳ መዶሻ ሸመንን። እሱ ሲወድቅ መዶሻው ወንጀል ሆነ፤ መስመር ብቻ ሸመንን። የአሁኖቹ ደግሞ ወፏን ካላመጣችሁ አሉ።

በእኛ ቤት ጥለት በቃል አይያዝም፣ በወረቀትም አይጻፍም። እናት ጨርቅ የምንላት፣ ወፏ ያለችባት አሮጌ ቁራጭ ነበረች፤ እሷን ጭን ላይ ዘርግቶ ድሯን በጣት እየቆጠሩ ወደ አዲሱ ጨርቅ መገልበጥ ነበር። አማቴ ፍራሻቸው ውስጥ ሰፍተው ደብቀዋት ነበር።

"እማዬ፣ እናት ጨርቋን አውጪልኝ እንጂ! ድሩን ወጥሬ ጨርሻለሁ" አለች ልጄ።

ደብዳቤውን አጠፍኩት። "የለችም።"

"የት ሄደች?"

"አቃጠልኳት። አንቺን አርግዤ ሳለ የገዢው ሰዎች ወፏን ፍለጋ የጎረቤታችንን ቤት ሲፈትሹ ፈራሁ። ፍራሹን መልሼ ሰፋሁት።"

ፈታሾቹ እኛ ቤት አልመጡም። ይህን ግን አልተናገርኩም።

አማቴ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ከተቀመጡበት ጥግ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። "ከስንቱ ገዢ ስደብቃት፣ መደበቅ የነበረብኝ ካንቺ ኖሯል!"

"እማማ፣ የወፏ አንገት ስንት ድር ነበር?" አለች ልጄ።

"እኔ ምን አውቄ! የሚያውቀው ጣቴ ነው፤ ጣቴም ያለ ጨርቋ ደንቆሮ ነው።"

ልጄ በግምት አንዲት ወፍ ሠራች። ኃላፊው በማግስቱ ሲያያት ፊቱ በራ።

"ይቺ ናት! የአያቶቻችን አሻራ!"

አማቴ በመዳፋቸው ዳሰሷት። "ይቺማ ዶሮ ናት። ያውም የታመመች።"

ኃላፊው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እማማ ጨዋታ አዋቂ ናቸው!" ፎቶ አነሳት፣ ጠርዟ ላይ ማኅተም መታባት፣ ከእንግዲህ ከዚህች የተለየ ወፍ መሸመን ክልክል ነው ብሎ ሄደ።

ሽመና ቤቱ ተረፈልን። አብረውን የሚሸምኑት ሴቶች ተሰብስበው የዶሮዋን ድር እንደ እናት ጨርቋ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። እኔ ማኅተሙ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ፤ የሚቀጥለው ገዢ ይቺንም ሲከለክል ልጄን ምን ያደርጋት ይሆን?

"ወደ ቤት ልሂድ" አሉ አማቴ።

እጄን ዘረጋሁላቸው። አልያዙትም። ግድግዳውን እየዳበሱ ብቻቸውን ወጡ።