«ድንገት» አትበሉብኝ

«ድንገት ነው እንጂ ምንም አላመመውም» አለ አጎቷ፣ ለሦስተኛ ጊዜ፤ አሁን ደግሞ ለእንጨት ነጋዴው።

የሟቹ ልጅ የሻይ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ልቅሶው ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። ሳሎኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ አባቷ በገዛ እጁ የሠራቸው ወንበሮች አልበቁ ብለው፣ ሰው ከጎረቤት በመጣ አግዳሚ ላይ ተጣቦ ተቀምጧል።

«የታደለ ሞት ነው» አለ እንጨት ነጋዴው። «ሳይማቅቅ፣ ሰው ሳያስቸግር።»

ቆሽቷ አረረ። ጥርሷን ነክሳ ሻዩን ማደል ጀመረች።

ድንገት! አባቷን የሙያ ጓደኞቹ «ሚሊሜትር» ነበር የሚሉት፤ እሱ ዘንድ ልክ ማለት ልክ ነው። ከዓመት በፊት አንድ ቀን ግን የሚያሰምርበት እርሳስ ከጣቱ ሾልኮ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ ቢል ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። «መጋዙን አቀብዪኝ» ሊላት ፈልጎ «ዝናቡን… ዝናቡን…» እያለ ዓይኑ ፈጠጠ። አሥር ደቂቃ አልሞላም። ከዚያ እጁን እያፍታታ ሳቀ። «ይኸው መጣ፣ ይኸው ሄደ። ምን ዓይነት እንግዳ ነው፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ!»

እሷ አልሳቀችም። የልብስ ስፌት ሱቋን ዘግታ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟም አልሸፋፈነችም። «ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም ለጥቂት ጊዜ ተቋርጦ ነው። ትንሽ ስትሮክ ነው። አለፈ ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ትልቁ በዚሁ መንገድ ነው የሚመጣው» አለችና የደም ማቅጠኛ ኪኒን አዘዘችለት።

ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ተመላለሰበት። አንዴ ማንኪያ ከእጁ ወደቀ፤ አንዴ ግማሽ ፊቱ ተጣመመ፤ አንዴ ደንበኛ ፊት የገዛ ልጁ ስም ጠፋበት። የስፌት መኪናዋን ወደ እሱ የእንጨት ሥራ ቤት አዛውራ፣ አንድ ዓይኗን ጨርቁ ላይ፣ አንድ ዓይኗን እሱ ላይ አድርጋ ከረመች። በየጠዋቱ ኪኒኑን መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች። «ልጅ ወለድኩ ስል ለካ ፖሊስ ነው የወለድኩት» እያለ ወደ አፉ ይወስዳል።

«እኔማ ያንን ኪኒን በጊዜ ነው ያስተውኩት» አለ አጎቷ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ሰው እንዲሰማው። «አናጺ ነህ፣ መጋዝ የነካህ ዕለት ደምህ እንደ ቧንቧ ነው የሚፈሰው አልኩት። ሰማኝ። ከምላሱ ሥር እየደበቀ ይተፋው ነበር።»

ትሪው ጠረጴዛው ላይ ጮኾ አረፈ።

«ምን አልክ?»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው ነው አንተ ያለችው።

«ተዪ ልጄ፣ ሐዘኑ ነው» አለች ጎረቤቷ ክንዷን ይዛ።

«ሐዘን አይደለም! በሽታው ስድስት ጊዜ በራችንን አንኳኩቶ ተመልሷል፤ በሰባተኛው ወሰደው። ድንገት አትበሉብኝ! እኔ በጠዋት አጎርሰዋለሁ፣ ይሄ ከኋላዬ ያስተፋዋል። እሱም ዓይኔን እያየ አታለለኝ!»

«እና እኔ ነኝ የገደልኩት?» አጎቷ ሊነሳ ሞከረ። «እኔ ለወንድሜ… ለወን… ለመስ…»

ብርጭቆው ከቀኝ እጁ ተንሸራቶ ጭኑ ላይ ተደፋ። የከንፈሩ ጥግ ወደ ታች ተንጠለጠለ።

«አዙሮት ነው፣ ውኃ አምጡ!» አለ አንዱ።

«ምንም እንዳታጠጡት! መኪና አምጡ!» አለች እሷ። እንጨት ነጋዴው ሮጦ ወጣ። እሷ አጎቷ ፊት ተንበረከከች። «እየኝ። ሁለቱንም እጅህን አንሳ።» ግራው ተነሳ። ቀኙ ባለበት ቀረ።

መኪናው ደጅ ሲደርስ ጣቶቹ መንቀሳቀስ፣ ምላሱም መፈታታት ጀምሮ ነበር።

«አለፈ እኮ» አላት እያፈረ።

«አላለፈም። እንሂድ።»

«ልቅሶ ጥለሽ? ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል።»

አጎቷ አንገቱን ደፋ። «ከዚህ በፊትም ሁለቴ… አባትሽ ብቻ ነበር የሚያውቀው» አለ በሹክሹክታ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከእሷ ተደብቀው፣ ራስ ለራስ ገጥመው ሲማከሩ ታያት። ሁለቱንም በጥፊ ማለት አማራት። አንዱ ግን የለም።

ከሶፋው ሥር የአጎቷን ጫማ ጎትታ አወጣች። የደነዘዘውን እግሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጫማውን አጠለቀችለትና ክሩን በኃይል ሳበችው።

«አጠበቅሽው» አለ።

«ዝም በል» አለችው፤ ሳታላላም ደግማ ቋጠረችው።