የገሠሠ ጉልላት

የዚያ ዓመት የሐምሌ በረዶ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰው የላከው እንጂ በራሱ የመጣ አይመስልም ነበር። ከጓሳ ተራራ በኩል ተነሣ፤ የጎረቤቱን ገብስ እንኳ በቅጡ ሳይነካ ቀጥ ብሎ አልጣሽ ቤት ላይ ወረደ። የገበሬ ማህበሩ ሊቀ መንበር ማግሥቱን በስብሰባ ላይ በረዶውን «አድኃሪ» ብሎ አወገዘው አሉ። እሱ ምን አለበት፣ የሱ ቤት ቆርቆሮ ነው!

የአልጣሽ ቤት ግን የሣር ክዳን ነበር፤ በረዶውም ጉልላቱን ጣለው። በክዳኑ ጫፍ ላይ፣ የምሰሶው ራስ ዝናብ እንዳይጠጣ የሚደፋው ማሰሮ ነው ጉልላት ማለት። ማሰሮው ግቢ ውስጥ ወድቆ ተፈጠፈጠ። ነፋሱም በዙሪያው ያለውን ሣር ነጭቶ ወሰደና የቤቱ አናት ላይ ቁና የሚያህል ቀዳዳ ተከፈተ።

«ታዲያ ሌላ ማሰሮ አይደፉበትም?» ትሉ ይሆናል። ቀላል መስሏችኋል! በዚያ ሰፈር ጉልላት የሚደፋው የቤቱ አባወራ ነው። ጎጆ የወጣ ለት እሱ ይደፋዋል፤ ቢሰበርም እሱ ይተካዋል። ሌላ ወንድ እጁን ካነሣበት አባወራው ሞቷል ማለት ነው፤ መርዶ ነው። የአልጣሽ ባል ገሠሠ ደግሞ የእናት አገር ጥሪ ተብሎ ሚሊሺያ ከዘመተ ሦስተኛ ክረምቱ ነበር። አለ ያለ የለም፤ ሞተ ያለም የለም።

ሞተ ያለስ ነበር። ለአልጣሽ ብቻ ነው የተነገረው። በግንቦት ሞላሌ ገበያ ላይ አንድ እግሩን ጦር ሜዳ ትቶ የመጣ ሰው ጠራትና፣ «የገሠሠ ሚስት አይደለሽ?» አላት። አዎ ስትለው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ከዚያ ገሠሠ የወደቀበትን ነገራት፤ በእጁ አፈር እንዳለበሰውም ነገራት። ያን ሁሉ ዳገት እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ደጅ ላይ የተቀመጡት አማቷ እማማ አማከለች፣ «ገበያው እንዴት ዋለ ልጄ?» ሲሏት፣ «ደኅና ነው፤ ሽንኩርት ብቻ ተወዷል» አለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። እማማ ከገሠሠ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ብትነግራቸው በማግሥቱ የሳቸውን ቀብር ልትቀብር ነው። ደግሞስ፣ እሷ እስካልተነፈሰች ድረስ ገሠሠ በዚያ ቤት ውስጥ ይኖር ነበር። ይህንንም አልካደችም፤ ለራሷም ሳስታለች።

በረዶው በወረደ በሁለተኛው ቀን የገሠሠ ባልንጀራ ዳኜ መሰላልና ሣር ተሸክሞ መጣ። ክዳን ሲከድን እጁ የተባረከ ነው። የተነጨውን ጎን ሞላ፣ አሰረ፣ አበጠረ። በመጨረሻ አዲሱን ማሰሮ አንሥቶ ወደ ጫፉ ሲጠጋ እማማ አማከለች በከዘራቸው መሬቱን እየደበደቡ ወጡ።

«ዳኜ! ልጄን በቁሙ ልትቀብርብኝ ነው? እጅህን ሰብስብ!»

«ኧረ እማማ፣ ዝናቡ እኮ...»

«ዝናቡ ምን አገባህ! ልጄ ሲመጣ ራሱ ይደፋዋል!»

ዳኜ ወረደ። «እኔ የእናት እርግማን አልሸከምም፤ እናንተው ታውቃላችሁ» ብሎ መሰላሉን ከክዳኑ ላይ ሳያነሣ፣ ማሰሮውን ከግድግዳው ሥር ትቶ ሄደ። አልጣሽ ከበሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አየች።

ከዚያ በኋላ ያለፉት ቀናት የእውን ቀናት አይመስሉም ነበር። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ስትል በቀዳዳው አንድ ክብ ብርሃን ይወርዳል። በዚያ ጨለማ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ጠዋት ከጎታው ላይ ይጀምርና ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ይሄዳል። የገሠሠን ጅራፍ ይዳስሳል፤ ወለሉን ያቋርጣል፤ ከሰዓት በኋላ የእማማ አማከለች መደብ ላይ ይወጣል። አልጣሽ ሥራዋን ትታ ሲሄድ ታየዋለች። እንግዳ ቤት ገብቶ ዕቃ የሚያይ ይመስላት ነበር።

ጉም ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። በቀዳዳው ይገባል፤ ምሰሶውን እየዞረ ይወርድና ወለሉ ላይ ይተኛል። ጠብታው አንዱ ቅል ውስጥ፣ አንዱ ገበታ ላይ፣ አንዱ ምሰሶው ሥር ሲወድቅ፣ ሲወድቅ፣ አልጣሽ ወፍጮው ላይ እንደተደፋች ዓይኗ ይከደናል። ያን ጊዜ ጠብታው የበቅሎ ኮቴ ይሆናል፤ ከሩቅ ይመጣል፤ ደጅ ይደርሳል። ቀና ስትል ጉሙ ውስጥ ሰው የቆመ ይመስላታል። አትደነግጥም። «ራበህ?» ትለዋለች በሆዷ። መልስ ሳትጠብቅ ወደ ወፍጮዋ ትመለሳለች።

እማማም ከሷ አይሻሉም። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ይላሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከማን ጋር እንደሚያወሩ አልጣሽ ጠይቃ አታውቅም።

ይሁን እንጂ ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል። መደቡ ራሰ፤ እማማ የሚለብሱት የበግ ጠጉር ባና ውኃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከበደ። አልጣሽ መኝታቸውን ወደ ጓዳ ብታዞረው ውኃው ተከትሎ መጣ፤ ወደ መደባቸው ተመለሱ። መጀመሪያ ሳል ጀመራቸው፤ ቀጥሎ ትኩሳት። ደረታቸው ሲያፏጭ ደጅ ድረስ ይሰማል።

አልጣሽ ጨነቃት። ዳኜን ብትጠራ መርዶ ነው፤ መርዶው ይገድላቸዋል። ብትተወው ብርዱ ይገድላቸዋል። «አንተ ሰውዬ፣ በምን ዕዳ ጣልከኝ!» አለች ጅራፉን እያየች። ተናደደችበት፤ ከግንቦት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ተናዳም የሚደረገው ነገር ብልጭ አለላት።

ቀትር ላይ ጉም አገሩን ሁሉ ሲሸፍነው የገሠሠን ቁምጣ አጠለቀች። አሮጌ ካፖርቱን ደረበች፤ ሻሿን ፈትታ ባርኔጣውን ደፋች። እናንተዬ፣ ሴት ልጅ ክዳን ላይ! በዚያ ሰፈር ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም። ደጉ ጉም ሸሸጋት እንጂ ማን ይምራት ነበር! ማሰሮውን በገመድ ጀርባዋ ላይ አስራ መሰላሉን ወጣች። ከመሰላሉ በላይ የረጠበውን ሣር እየጨበጠች በሆዷ ተሳበች። ካፖርቱ አሁንም እሱን እሱን ይሸታል።

ጫፉ ላይ ስትደርስ ጉሙ ከሥሯ ቀረ። አገር የለም፤ ነጭ ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ መስቀልና የጓሳ ጫፍ ብቻ ነጩ ላይ ቁጭ ብለዋል። ጎጆ የወጡ ለት ገሠሠ እዚህ ላይ ተቀምጦ ሲስቅ ትዝ አላት። እዚያው ብትቀር በወደደች። ማሰሮውን ፈትታ በቀዳዳው ላይ ልትደፋው ስትል ድምፅ ከታች መጣ።

«ገሠሠ?»

እማማ አማከለች መደባቸው ላይ ተቀምጠው ሽቅብ ያዩ ነበር።

«ካፖርትህን አወቅሁት። መጣህ ልጄ?»

አልጣሽ አዎ ብትል ውሸቱን ይዛ ልትወርድ ነው፤ አይደለሁም ብትል ገደለቻቸው። ድምፅ ሳታወጣ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ቆየህብኝ» አሉ እማማ። ድምፃቸው የጎለመሰ ልጇን እንደምትቆጣ እናት ነበር። «በል ድፋው፤ ቤትህን ዝጋው። ብርዱ ጨረሰን። ከዚያ በኋላ... ከዚያ በኋላ ሂድ ልጄ፤ እዚህ አትንከራተት።»

አልጣሽ ማሰሮውን ደፋች፤ ሣሩን ዙሪያውን ጠቅጥቃ በገመዱ አሰረች። እንባዋ ሸክላው ላይ እየወረደ ነበር።

ከቤቱ ጀርባ ልብሱን ቀይራ ስትገባ ቤቱ ጨልሟል። ጠብታ የለም። እማማን በሳላቸው ድምፅ ነው ያገኘቻቸው።

«ሄደ?» አሏት።

«ማን እማማ?»

«ልጄ ነዋ።»

አልጣሽ «ሄደ» አለች።

«እሰይ። ሌላ እጅ አላስነካውም። በይ ነጠላዬን አምጪልኝ።»

አመጣችላቸው። እማማ አማከለች ነጠላውን በጨለማ ዳሰሱት፤ ጥለቱን አገኙት፤ ወደ አንገታቸው አዙረው፣ የኀዘንተኛ አለባበስ አዘቅዝቀው ለበሱት። ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው የአልጣሽን ነጠላ ጎተቱ።

«አንቺም አዘቅዝቂ። ከገበያ የተመለስሽ ለት ዓይንሽን አይቻለሁ። ብቻሽን የተሸከምሽው ይበቃሻል።»

ያን ጊዜ ከግንቦት ጀምሮ የታፈነው ጩኸት ወጣ። ዳኜ ከማሳው ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ደጁ ላይ ቀና ብሎ ክዳኑን አየ፤ ወደ ውስጥ ሁለቱን ሴቶች አየ።

«ጉልላቱን ማን ደፋው?» አለ።

«አባወራው» አሉ እማማ አማከለች፤ ደረታቸውንም መምታት ጀመሩ።