አራት ነበርን

የምግብ ቤቱ አሳላፊ ስድስተኛውን ሳህን ይዞ ሲመጣ ሶክዪ ከጀርባዋ ያለውን ባዶ ጠረጴዛ እንዲያነሱት ነገረችው። ምሳውን ያዘዘችው ለሃያ አራት ሰው ነበር፤ የመጡት ግን ዘጠኝ ብቻ ናቸው። እናቷ የተቀበረችው በዘጠና አንድ ዓመቷ ስለሆነ፣ ሊቀብሯት ይገባ የነበሩት አብዛኞቹ ቀድመዋታል።

ቄሱ ሾርባቸውን ጠጥተው፣ ሌላ ቀብር አለብኝ ብለው ተነሡ። ሶክዪ በምትሠራበት ሆቴል የደንብ ልብስ ክፍል አብረዋት ቁልፍ የሚተክሉትና ጠርዝ የሚሰፉት ሴቶችም የከሰዓት ተረኞች ስለነበሩ ብዙ አልቆዩም። መቃብሩ በር ላይ ያደለቻቸውን ከረሜላ እዚያው ልጠው እየመጠጡ፣ አንድ በአንድ እጇን ጨብጠው ወጡ። የሐዘን ከረሜላ ይዞ ቤት መግባት ደግ አይደለም።

ጠረጴዛው ላይ ላይፎንግና ካምቶንግ ቀሩ። ሦስቱም ያደጉት የወደቡ ሠፈር ውስጥ፣ አንድ የውኃ ቧንቧ ብቻ ባለው ጠባብ ግቢ ነው። የላይፎንግ ቤት በር ከእነ ሶክዪ በር ፊት ለፊት ነበር፤ እነ ካምቶንግ ደግሞ ከላያቸው ባለው ፎቅ ይኖሩ ነበርና ሲሯሯጡ የጣሪያው አቧራ ሩዛቸው ላይ ይራገፍ ነበር። ግቢው ከተሸጠ ወዲህ ሁሉም በየፊናው ተበትኗል። ላይፎንግ የመዋዕለ ሕፃናት ምግብ አብሳይ ሆና ሠርታ ጡረታ ከወጣች ስምንት ዓመቷ ነው። ካምቶንግ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ባለፈው ዓመት ቁልፉን አስረክቧል። ማካው ትንሽ ከተማ ብትሆንም የሚገናኙት እንዲህ ሰው ሲሞት ነው።

ካምቶንግ ዓሣውን ወደ ሶክዪ አዞረላት። ፊቷ መጥቆሩን አይቶ ይሆናል፣ ስለ ትምህርት ቤት ማውራት ጀመረ። የመነኮሳቱ ትምህርት ቤት ከግቢያቸው አንድ ዳገት ብቻ ነበር የሚርቀው። በየጠዋቱ ሲስተር ዶሮቴያ በሩ ላይ ቆማ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ማንኪያ የዓሣ ዘይት ታጠጣለች። ካምቶንግ ዘይቱን ጉንጩ ውስጥ ይዞ እስከ ትልቁ ዛፍ ድረስ በዝምታ ይሄድና እዚያ ይተፋዋል። በመጨረሻ ዛፉ ሥር የድመት መንጋ መሰብሰብ ሲጀምር ሲስተር ነቃችበት።

"የዚያን ቀን ሁለት ማንኪያ አጠጣችህ" አለች ላይፎንግ።

"ሦስት። አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ እትዬ? አንቺ ዋጥ አድርገሽ ከንፈርሽን የምትልሽ ልጅ ነበርሽ።"

"ስለዚህ ነዋ አጥንቴ የጠነከረው። አንተን እይ፣ ጉልበትህን ይዘህ ነው ቁጭ የምትለው።"

ሶክዪ ፈገግ አለች። ከሌሊቱ ጀምሮ ፊቷ እንደ ሙጫ ደርቆ ነበርና ፈገግታው ቆዳዋን ያሳመማት መሰላት። ላይፎንግ ደግሞ የላቲኑን መዝሙር አነሣች። ትርጉሙን ከመካከላቸው አንድም የሚያውቅ ስላልነበረ ቃሉን በራሳቸው ቋንቋ አስመስለው "አክስቴ ማሪያ ዓሣ ትሸጣለች" እያሉ ይዘምሩ ነበር። ሲስተር ዶሮቴያ አንድም ቀን ሳትጠረጥር፣ እንዴት በፍቅር ይዘምራሉ እያለች እንባዋን ትጠርግ ነበር።

ከዚያ ካምቶንግ የቀዩን ጣት ነገር ጀመረ። በዚያ ዘመን የግቢው ልጆች ሁሉ ከትምህርት ቤት መልስ ለፋብሪካው ርችት ይጠቀልሉ ነበር። የወረቀቱ ቀይ ቀለም ጣት ላይ ይጣበቃል፤ በሳሙናም አይለቅም። ሲስተር ደግሞ ሰኞ ሰኞ ጥፍር ታያለች።

"የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ጋ በቁመታችን አሰለፈችን" አለ ካምቶንግ። "ሎሚና የጫማ ብሩሽ ይዛ መጣች። መጀመሪያ እትዬ ላይፎንግ፣ ቀጥሎ እትዬ ሶክዪ፣ ከዚያ እኔ። ሦስታችንንም እስክንደማ ፈተገችን። እኔ ሳለቅስ—"

"አራት ነበርን" አለች ሶክዪ።

እንደምትለው ራሷም አላወቀችም ነበር። ካምቶንግ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ላይፎንግ የሻይ ጽዋዋን ወደ ከንፈሯ ወስዳ ሳትጠጣ መለሰችው።

ሶክዪ ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። በቀብር በተገናኙ ቁጥር ይነሣል፤ ሁልጊዜም ሦስት ልጆች ናቸው። የድመቶቹም ታሪክ፣ የመዝሙሩም ታሪክ እንደዚሁ አንድ ሰው ይጎድለዋል። ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ እሷ ፊት ሲያወራ ያን ስም እንደ ጎርፍ ቦይ እየዘለለ እንደሚያልፍ ታውቃለች። እሷም ለመዝለል ትረዳቸው ነበር።

"ሜንግ ከሁላችንም መጨረሻ ነበር" አለች። "ተራው እስኪደርስ እጁን ደብቆ ኪሱ ከተተው። ነጭ ሱሪው በሁለቱም በኩል ቀይ ሆነ። ሲስተር ብሩሹን ጥላ በሳቅ ሞተች፤ እሱን ሳትፈትገው ቀረች።"

ሜንግ ታናሽ ወንድሟ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ፣ ድልድዩ ገና ሳይሠራ፣ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን በጀልባ ወደ ኮሎኣን ደሴት ለሽርሽር በወሰደ ቀን ባሕር ገብቶ ቀረ። ሶክዪ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እናቷ ጠዋት የአንገቱን ቁልፍ እየቆለፈች፣ ዓይንሽን ከእሱ እንዳትነቅዪ ብላታለች። እሷ ግን ከሴቶቹ ጋር ገመድ ትዘል ነበር፤ ሰማንያ ሁለት ድረስ ቆጥራ ነበር ጩኸቱን የሰማችው። ከቀብሩ በኋላ በሳምንቱ ፎቶው ከግድግዳ ወረደ፤ ደብተሮቹና አልጋው ወጡ። እናቷ አንድ የወቀሳ ቃል አልተናገረቻትም፤ ስሙንም ዳግመኛ አልጠራችም። ሶክዪ ዝምታውን ቅጣቷ አድርጋ ተቀበለችው። ሳታገባ፣ ከእናቷ ጋር በአንድ ቤት፣ ያን ስም ሳታነሣ አረጀች። እናቷን የምትጠብቃት በዚህ ይመስላት ነበር።

ካምቶንግ የቀርከሃ መመገቢያ እንጨቶቹን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ። ድምፁ ዝቅ አለ።

"ጫማውን ማዕበል ወሰደበት። የሸራ ጫማ፣ አዲስ ነበር። 'አብረን እናምጣው' አለኝ። እኔ ዳቦዬን እየበላሁ ነበር። 'ልጨርስና' አልኩት።"

"ዘጠኝ ዓመትህ ነበር" አለች ላይፎንግ።

"እሱም ዘጠኝ ነበር።" ሶክዪን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። "እናትሽ፣ እማማ ኩዋን፣ እቤታችን መጥታ እናቴን ስሙን አታንሡ ስትላት ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁ። በእኔ ተቀይማ መስሎኝ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሳያት ሌላ መንገድ እሄድ ነበር። አውቶቡሴ ላይ ስትሳፈር እንኳ ወደ መስታወቱ ቀና አልልም።"

ለሶክዪ ሁልጊዜ ጥፋቱ የእሷ ብቻ ነበር፤ ሌላ ሰውም ይህን ያህል ዘመን ተሸክሞት እንደኖረ አስባ አታውቅም። እጇን ዘርግታ ዓሣውን ቆረሰችና አጥንት የሌለበትን ወገብ ሳህኑ ላይ አደረገችለት። ካምቶንግ ግን አልነካውም።

ላይፎንግ ቦርሳዋን ከፍታ መሐረብ አወጣች፣ መልሳ ከተተችው። በመጨረሻ፣

"እንዳልናገር አስምላኛለች" አለች። "ዛሬ አፈር ለብሳለች፤ ከዚህ በኋላ መሐላውን ለማን ብዬ ነው የምጠብቀው?"

"ማን?"

"እናትሽ። በየዓመቱ፣ እሱ በሞተበት ቀን፣ እኔ ጋ ትመጣ ነበር። መጀመሪያ እናቴ ጋ ነበር የምትመጣው። እናቴ ስትሞት ወደ እኔ ዞረች። አምስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የምታርፍበት ወንበር አስቀመጥኩላት።"

ሶክዪ አላመነችም። እናቷ በዚያ ቀን የምትሄደው ለቅዳሴ እንደሆነ ነበር የምታውቀው።

"ምን ትሠራ ነበር?"

"ስለ ሜንግ ታወራ ነበር። ስለ ልጅነቱ መስሎሽ? አይደለም። አሳደገችው እኮ። መጀመሪያ ዓመት አሥር ሞላው አለች። ከዚያ ሁለተኛ ደረጃ አስገባችው፣ ሒሳብ ወደቀ። ከዚያ ፖስታ ቤት አስቀጠረችው። ሠላሳ ዓመቱ ላይ ዳረችው።" ላይፎንግ ሳቅ አመለጣት። "ምራቷን ግን አልወደደቻትም። ሩዝ ታሳርራለች፣ የልጆቹን ልብስ በጊዜ አታጥብም እያለች ታማትልኝ ነበር። አንድ ዓመት ጭራሽ ተኳርፈው መጣች። እኔም ልጅቷ እኮ ትሠራለች፣ ደክሟት ነው እንጂ ብዬ እከራከርላት ነበር።"

ሶክዪ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

"ልጆችም አሉት?"

"ሁለት። ሴቷ ትልቅ ናት፤ አንቺን ትመስላለች፣ እልኸኛ። ወንዱ ሰነፍ ነው።" ላይፎንግ ወደ ካምቶንግ ዞረች። "ካንተም ተቀይማ አታውቅም። ዕድሜውን የምታሰላው በአንተ ነበር። መንገድ ላይ አይታህ ትመጣና 'ካምቶንግ ወፍሯል፣ ሜንግም ሳይወፍር አይቀርም' ትለኛለች። ራስህ ሲመለጥ ጊዜ እሱንም መላጣ አደረገችው። በጣም አዝና ነበር ያን ዓመት፤ ጸጉሩ ያምር ነበር እያለች።"

ካምቶንግ ሳያስበው ራሱን ዳሰሰ። ከዚያ እጁን አውርዶ ፊቱን ሸፈነው። አሳላፊው የመጨረሻውን ሳህን ይዞ ብቅ ብሎ ነበር፤ አያቸውና ከበሩ ተመለሰ።

"ባለፈው ዓመት በዚያ ቀን አልጋ ላይ ነበረች" አለች ሶክዪ ቀስ ብላ። "አንቺ ብርቱካን ይዘሽ መጣሽ። እኔን የአኩሪ አተር እርጎ ግዢ ብላ ላከችኝ። የማትወደው ነገር እንዴት አማራት ብዬ ገርሞኝ ነበር።"

"ያን ቀን ነው ጡረታ ሊወጣ ነው ያለችኝ። ምን ሊሠራ ይሆን፣ ቤት ከዋለ ከሚስቱ ጋር ይጣላል ብላ ተጨነቀች። አንቺ በሩን ስትከፍቺ ዝም አለች።"

"ለእኔስ?" ሶክዪ የጠየቀችው በቁጣ ነበር፤ ቁጣው እሷንም አስደነገጣት። "አብሬያት የኖርኩት እኔ ነኝ። ያጠብኳት፣ ያጎረስኳት እኔ። ለምን ለእኔ አልነገረችኝም?"

"ጠየቅኳት። አንድ ጊዜ ጠይቄያታለሁ።" ላይፎንግ ወንበሯን ሳበችና ተጠጋቻት። "'ቤት ውስጥ ስሙን ካነሣሁ ሶክዪ ምነው እሷ ሞታ እሱ በኖረ የምል ይመስላታል' አለችኝ። 'የቀረችልኝ እሷ ናት፤ ትርፍ ሆኜ ነው የኖርኩት ብላ እንዳታስብ' አለች። ይኸው ነው ያለችኝ፣ ምንም አልጨመርኩበትም።"

ሶክዪ ለእናቷ ስትል ዝም እንዳለች፣ እናቷም ለእሷ ስትል ዝም ብላ ኖራለች። በአንዲት መኝታ ቤትና በአንዲት ወጥ ቤት ውስጥ፣ በየምሽቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሾርባ እየጠጡ። እንዲያው አንዳቸው አንድ ቀን እንኳ አፋቸው ስቶ ቢሆን ኖሮ። ይህን ስታስብ ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ያለው እንባ መጣ። ብዙ ጊዜ አለቀሰች። ሁለቱም አላባበሏትም፤ ላይፎንግ ክንዷን ይዛት ተቀመጠች፣ ካምቶንግ ሻይ ቀዳላት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አሳላፊው ይቅርታ ጠይቆ፣ ለማታ ጠረጴዛ ማዘጋጀት እንዳለበት ነገራቸው። ተነሡ። ካምቶንግ ቦርሳዋን ያዘላት። ዝናብ አባርቶ መንገዱ ላይ የሞተር ብስክሌቶቹ መቀመጫ ሁሉ ውኃ አቁሯል። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ።

"ቀኑ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው" አለች ላይፎንግ አውቶቡሱን እየጠበቁ። "ዘንድሮ ደረጃውን የሚወጣ የለም። ወንበሩን ግን አላነሣሁትም። ከፈለግሽ…"

ሶክዪ ቤቷን አሰበችው፤ የእናቷን ባዶ አልጋ፣ የሚታጠፈውን ጠረጴዛ፣ ሃምሳ አንድ ዓመት ያ ስም ያልተጠራበትን ክፍል።

"እኔ አልመጣም" አለች። "እናንተ ናችሁ የምትመጡት። ሁለታችሁም፣ እኔ ቤት።"

ካምቶንግ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ላይፎንግ ምን ላምጣ ብላ ጠየቀቻት።

"ምንም አታምጪ። እኔ አበስላለሁ። የሜንግን ሚስት ግን ማን እንላታለን?"

"እናትሽ 'ያቺ' ነበር የምትላት።"

"ስም እናወጣላታለን" አለች ሶክዪ፤ አውቶቡሱ ሲቆምም እጀታውን ይዛ ተሳፈረች።