የሰውዬው ግርማ ሞገስ

እህቴን ላግባ ብሎ የመጣው ሰውዬ ሶፋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። አይደገፍም፣ አይስቅም፤ ሲያናግሩት መላ አካሉን ነው የሚያዞረው።

"ወይ ግርማ ሞገስ!" አለችኝ እማዬ ጆሮዬ ሥር። "ሰው ማለት እንዲህ ነው።"

እኔን ግን ነገሩ አላማረኝም። ሃያ ዓመት ልብስ ስሰፋ ስንቱን ትልቅ ሰው ለክቻለሁ። ግርማ ሞገስ ያለው ሰው እንደ ልቡ ነው የሚቀመጠው። ይኼኛው ትንፋሹን ሳይቀር ይቆጥባል። እህቴስ ብትሆን ምን ሆና ነው ከዓይኔ የምትሸሸው?

የእማዬ መነጽር ወደቀ። ሰውዬው ሊያነሳላት ጎንበስ ከማለቱ "ወይኔ!" ብሎ ዘለለና ጀርባውን ያዘ። ጠጋ ብዬ ኮቱን ገለጥ ሳደርግ የራሴ ስፒሎች ተደርድረዋል። ትናንት ከጀርባው ላጠብበው በስፒል ይዤ ሱቄ ውስጥ የሰቀልኩት የደንበኛዬ ኮት ነው! የሱቁ ቁልፍ ያለው ደግሞ እኔና እህቴ ጋ ብቻ ነው።

እህቴ አንገቷን ደፋች።

"ምን ሆነ ልጄ?" አለች እማዬ።

"ምንም አልሆነም እማዬ። ግርማ ሞገሱን ነገ ጠዋት ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል።"