የቀዩ ትራክተር ምራን

ጥጋቡ ሁለቱን በሬዎቹን ሸጦ ያን አሮጌ ቀይ ትራክተር ከገዛ ወዲህ፣ በእስቴ ባለው አጥቢያቸው ሰንበቴ ላይ ያለ እሱ ወሬ ጠላ አይጠጣም። እሱ እቴ! ትራክተሩን ከሸጣቸው በሬዎች በአንዱ ስም «ቦራ» ብሎ ጠራውና አረፈው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል ጎረቤቱ አወቀ። አወቀ አዲስ ሰማያዊ ትራክተር አለው፤ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ከሚመጣው መካኒክ በቀር ብሎኑን ማንም አይነካውም። «ጋሼ፣ ሰማያዊው እኮ ዋስትና አለው።»

«እኔ ፈትቼ ያልገጠምኩትን የእኔ ነው አልልም» ይላል ጥጋቡ። ይህን ሲል ደረቱ ትንሽ ይነፋል፤ ምን ይደረግ።

ሰኔ ገባ። የጥጋቡ ዋልካ መሬት ገና ግማሹ አልታረሰም፣ ሰማዩም በጉና ተራራ በኩል መጥቆር ይዟል። ዋልካ አንዴ ከራሰ ጭቃ ነው፤ የዓመት እንጀራ ቀረ ማለት ነው። ተመልሶ የሚጠምደው በሬ የለው። በዚያው ጠዋት የቦራ የራዲያተር ቱቦ ተሰንጥቆ ውኃው እየጨሰ ፈሰሰ።

አወቀ ከድንበሩ ማዶ ቆሞ፣ «የእኔ ይጨርስልዎት?» አለ። ከልቡ ነው ያለው፤ ጥጋቡን ያመመውም ይኸው ከልብ መሆኑ ነው።

ጥጋቡ አፉን ሳይከፍት ሚስቱ እማዋይሽ ቀደመችው። «አንተ፣ ሞፈር ሲሰነጠቅብህ ምን ታደርግ ነበር?»

ከበሬዎቹ ጋር ያልሸጠው አንድ ነገር ነበር፤ ሞፈርና ቀንበር የሚያስርበት የቆዳ ጠፍር፣ ምራኑ። ውኃ ውስጥ ነከረው። ስንጥቁን በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ ሸፈነና የራሰውን ምራን በላዩ እስኪያልበው ድረስ እየሳበ ጠመጠመው። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ እየተኮማተረ ይነክሳል። ፀሐይዋም አላሳፈረችው። ቀትር ላይ ውኃ ሞላና ቦራን አስነሳው።

የመጨረሻውን ትልም ሲያወጣ የዝናቡ ጠብታ ባርኔጣው ላይ አረፈ። ጥጋቡ መሪውን ይዞ ለበሬው ያዜም የነበረውን አዜመለት። ኮራ፤ እንዴት አይኮራ!

በሐምሌ አወቀ ጥጋቡ ደጅ መጣ። የሰማያዊው ቱቦ ፈንድቷል፣ መካኒኩን ጎርፍ መንገድ ላይ አስቀርቶታል። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ በእጁ ምራን ይዟል።

የዋስትናው ጥያቄ የጥጋቡ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ተወው። ምራኑን ተቀብሎ በጣቱ ጨመቅ አደረገው።

«ደረቅ ነው» አለው። «ሂድ ንከረው፤ እኔ መፍቻዬን ይዤ እመጣለሁ።»